ምንም አይሸትም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ የደብሪቱን አፍንጫ የማያውቅ አልነበረም። ሠርግ ሲደገስ የወጥ ቤቱ አለቃ እሷ ናት፤ ሐዘን ሲሆንም የእድሩን ድስት የምትመራው እሷ ናት። ድንኳን ውስጥ ቆማ ከጓሮ የሚነፍሰውን አየር ማግ ታደርግና፣ የሦስተኛው ድስት ሽንኩርት ሊያር ነው፣ ሂዱ አማስሉት ትላለች። ሴቶቹ ሮጠው ሲደርሱ እውነትም ሽንኩርቱ ጠርዝ ጠርዙን መያዝ ጀምሮ ያገኙታል።

ፍሪጅ በሰፈሩ የገባ ሰሞን ቀልደውባት ነበር። ከእንግዲህ ምግብ አይበላሽም፣ ሥራሽን ተቀማሽ አሏት። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ዱሮ የማክሰኞ ወጥ ሐሙስን አያይም፤ ወይ ይበላል፣ ወይ ለተቸገረ ይሰጣል፣ ወይ ለውሻ ይደፋል። ፍሪጅ ሲመጣ ሁሉም ነገር ይቀመጥ ጀመር። ግማሽ ሽንኩርት ይቀመጣል፣ ሁለት ጭልፋ ምስር ይቀመጣል፣ ከልደት የተረፈ ኬክ ይቀመጣል፣ ማን እንዳመጣው የተረሳ አይብም ከሁሉ ኋላ ተሸጉጦ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ቀን የቤቱ እመቤት በሩን ከፍታ እንደቆመች ግራ ይገባታል። ለመጣል እህል ነው፤ ለመብላት ደግሞ ያስፈራል። ይሄኔ ሳህኑን ከድና ወደ ደብሪቱ ትሄዳለች። ደብሪቱም ክዳኑን ገለጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጎንበስ ትልና ትፈርዳለች። "ብዪው" ትላለች፤ ወይም "ድፊው"፤ ወይም "ለዛሬ ይሆናል፣ ለነገ አይሆንም።" ይግባኝ የለውም። ይህን ያህል ዓመት ስትፈርድ፣ በእሷ ቃል በልቶ ሆዱን የታመመ ሰው አልተሰማም።

ከጎረቤቶቿ ሁሉ የምትቀርባት ቀድሪያ ናት። ቀድሪያ የይጁቤ ከተማ ልጅ ስትሆን፣ ባሏ ሱሩር ገበያው ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አንዱ የሙስሊም፣ ሌላው የክርስቲያን ቤት ስለሆነ አንዳቸው የሌላውን ሥጋ አይቀምሱም፤ ጎመኑና ድንቹ፣ ዳቦውና ማሩ ግን ከአጥር አጥር ሲመላለስ ይኖራል። ሥጋም ቢሆን ማሽተት አልተከለከለም። ስለዚህ ቀድሪያም የፍሪጇን ነገር ለደብሪቱ አፍንጫ ካስረከበች ቆይታለች።

ደብሪቱ ግን ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። ከጥር ጀምሮ አፍንጫዋ አይሠራም።

ጥምቀት እንዳለፈ ጉንፋን ያዛት። ሳምንት ተኝታ ተነሣች። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉም ለቀቃት፤ ሽታ ግን አልተመለሰላትም። አንድ ጠዋት ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ሳበች። ባዶ። የበርበሬውን ዕቃ ከፈተች፤ አስነጠሳት እንጂ አልሸተታትም። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ፣ ከእንዲህ ያለ ጉንፋን በኋላ የሚያጋጥም መሆኑን፣ ለአንዳንዱ በወር፣ ለአንዳንዱ በዓመት እንደሚመለስ፣ ጨርሶ የማይመለስለትም እንዳለ አልደበቀቻትም። ደብሪቱ አመስግና ወጣች። ለማንም ሳትተነፍስ መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት ገባ።

ፈርታ አይደለም የደበቀችው፤ ደብሪቱ እንዲህ በቀላሉ የምትፈራ ሴት አይደለችም። ይመለሳል ብላ ነው። እስኪመለስ ደግሞ እስከ ዛሬ ያወቀችው ይበቃታል። ጨዉን እንደ ልማዷ በመዳፏ መዘነች፤ ቅመሙን በዓይኗ ለካች። ሰው ሳህን ይዞ ሲመጣ ጎንበስ አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቀና ስትል የባለ ሳህኑን ፊት አየች። አብዛኛው ሰው መልሱን ፊቱ ላይ ይዞት ይመጣል። ሊጥለው ልቡ የቆረጠውን "ድፋው" አለችው፤ ሊበላው የጓጓውን መቼ እንደተሠራ ጠይቃ ፈረደችለት። አራት ወር እንዲህ ሄደ። የታመመ የለም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከባድ በረዶ ወረደ። የጓሮው ቆርቆሮ እንደ ከበሮ ሲመታ ቆየ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ምሰሶዎች ወደቁና መብራት ጠፋ። የተመለሰው ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ቀድሪያ ደግሞ ለእሑድ እንግዳ ነበረባት፤ ተራ እንግዳም አይደለም። ሳሊሃ የምትባለውን ልጇን ለወንድ ልጃቸው የጠየቁት ሰዎች ከይጁቤ ሊመጡ ነው። የልጁ እናት ቢልቂስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ምሳ በልተው፣ ቀን ቆርጠው ሊመለሱ ተነጋግረዋል። ቀድሪያ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ሱቁን መልቀቅ አትችልም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ተነሥታ የአራት ዶሮ ወጥ ሠራች፤ ሩዝ ቀቀለች፤ ምስር ሠራች። አብርዳ ፍሪጅ ውስጥ ደረደረችውና፣ እፎይ ብላ በሩን ዘጋች። በረዶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ደብሪቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቀድሪያ ደረሰች። በእጇ የተከደነ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች። መብራቱ ሁለት ቀን ጠፍቶ እንደነበር፣ አሁን ግን ፍሪጁ እንደ ወትሮው በርዶ እንዳገኘችው፣ ወጡም ሲያዩት ደኅና እንደሚመስል ነገረቻት።

"ከነጋ ሳሸት አፍንጫዬ ደነዘዘ፣ እትዬ ደብሪቱ" አለች። "በእርስዎ ጣልኩት።"

ደብሪቱ ክዳኑን ገለጠች። ወጡ ቀይ ሆኖ፣ ቅቤው ከላይ ረግቶ፣ የዶሮው ብልት በወጉ ተደርድሮ፣ ለሠርግ የሚቀርብ ይመስላል። ዓይኗን ጨፍና ጎንበስ አለች። ምንም የለም። ቀና ብላ የቀድሪያን ፊት አየች። ሌላ ጊዜ መልስ የምታገኝበት ፊት ዛሬ ልመና ብቻ ነበረበት።

"ምንም አይሸትም" አለች ደብሪቱ።

ቀድሪያ አላህን አመስግና፣ የደብሪቱን ትከሻ ስማ፣ ሳህኗን አቅፋ ሄደች። ደብሪቱ በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። አልዋሸሁም ብላ አሰበች። ግን ልቧ አልረጋም።

ባሏ አንሙት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ቁርሱን ይጠብቃል። አንሙት ልጅ ሳለ ደብረ ወርቅ ቅኔ ተምሯል። በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞሮ፣ ጡረታ እስኪወጣ አማርኛ ሲያስተምር ኖሯል። ደብሪቱ ከፍሪጅ ወተት አውጥታ አፈላች፤ ከዳቦ ጋር አቀረበችለት። አንሙት ብርጭቆውን አንሥቶ አየው፤ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

"ደብሬ፣ ይህ ወተት ጓጉሏል።"

ብርጭቆውን ስታየው እውነትም ነው፤ ነጩ ተለይቶ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል። ሐሳቧ ቀድሪያ ቤት ስለነበር ስታፈላው አላስተዋለችውም። አንሙት ድምፁን ሳያነሣ ቀጠለ። ከሁለት ቀን በፊት ሽሮው ኮምጥጦ እንደነበር፣ ከፋሲካ በኋላም አይቡ ተበላሽቶ እንደነበር ተናገረ። ሽሮውን ዝም ብሎ በልቶታል። አይቡን ለድመቷ ቢሰጣት አሽታ ትታው ሄደች። ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ስጠብቅ ነበር አላት።

ደብሪቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከጥር ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ስትናገረው ነገሩ ከደበቀችበት ጊዜ ይልቅ ያነሰ መሰላት። አንሙት ሰምቶ ሲጨርስ፣ ቀድሪያ አሁን የመጣችው ለምን እንደሆነ ጠየቃት። ደብሪቱ የወጡን ነገር፣ የእንግዶቹን ነገር፣ የመለሰችላትንም ቃል አንድ በአንድ ደገመችለት።

አንሙት ሊስቅ አለና ተወው። "ቅኔ ነው የዘረፍሽባት" አላት። "ሰሙ ወጡ ደኅና ነው ይላል፤ ወርቁ እኔ አላሸትም ይላል። ወርቁን አንቺ ደብቀሽ አስቀረሽ። እንግዶቿ የሚበሉት ሰሙን ነው።"

ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ቀድሪያን ወጥ ቤት ውስጥ ትልቁን ድስት ምድጃው ላይ ልትጥድ ስታነሣ አገኘቻት። አስቀምጪው አለቻት። ከዚያ ሳትዞር፣ ሳትሸፋፍን ተናገረች።

"ከጥር ጀምሮ አፍንጫዬ አያሸትም። ጠዋት ምንም አይሸትም ያልኩሽ እውነት ነው፤ ግን ወጡ እንዳይመስልሽ። እኔ ነኝ የማላሸት።"

ቀድሪያ ድስቱን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ስትጠርግ ቆየች። በረመዳን ለማፍጠሪያ ያሳየቻትን ሾርባ አስታውሳ፣ እሱስ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀች። ደብሪቱ ያን ዕለት ቀኑን እንደጠየቀቻት፣ የዚያኑ ቀን የተሠራ ስለነበር እንዳልፈራች ነገረቻት። ቀድሪያ ራሷን ነቀነቀች፤ ፊቷ ላይ ግን ቅሬታ ነበረ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አፍንጫዬ ከሄደ ማን በሬን ያንኳኳል ብዬ ነው" አለች ደብሪቱ። "ስህተት ነው። ይቅር በይኝ።"

ቀድሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ እንግዶቹ ሰባት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። "ይቅር ብያለሁ" አለች በመጨረሻ። "አሁን ምን ላድርግ?"

"ፍሪጁን ክፈቺው። ሁሉንም እናውጣው።"

ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ ወገቧ ላይ አሰረች። እጇ ሥራ ሲያገኝ ሐሳቧም አብሮ ይጠራል። መጀመሪያ ያየችው ከላይ ያለውን የበረዶ ቤት ነው። ሳሊሃ ባለፈው ሳምንት ጭማቂ በትናንሽ ፌስታል ቋጥራ አስገብታ ነበር። ሲገባ እንደ ብርቱካን ድቡልቡል የነበረው፣ አሁን እንደ ቂጣ ተነጥፎ ወለሉ ላይ ተጣብቋል። ከጎኑ የነበረው ጥሬ ሥጋም ደሙ ከሥሩ ፈስሶ እንደገና በርዷል።

"ይህ ቀልጦ ነው እንደገና የበረደው" አለች። "እዚህ ላይ ከቀለጠ፣ ታች ያለው ምን ያህል ሞቆ እንደነበር አስቢው። ዛሬ ቢቀዘቅዝ አያታልልሽ።"

ቀጥላ ስለ ዶሮ ወጡ ጠየቀች። ከሐሙስ ወዲህ እሳት አይቷል ወይ? አላየም። ቀድሪያ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብላ በሩን እንኳ አልከፈተችም። ደብሪቱ ይህንኑ ጠርጥራ ነበር። እናቶቻቸው ፍሪጅ አልነበራቸውም፤ ግን ወጥ ጠዋትና ማታ ያሞቁ ስለነበር ሰንብቶ ይበላ ነበር። ፍሪጅ ሲመጣ ያንን ተዉት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከሁለት ያጣ ሆኑ።

በማንኪያ የረጋውን ቅቤ ገለጥ አድርጋ ወጡን ከሥር ገለበጠችው። ደቃቅ አረፋ እየፈነዳ ወጣ። ሳሊሃን ጠራቻትና መጀመሪያ ከላይ፣ ከዚያ ከተገለበጠው እንድታሸት አደረገች። ሳሊሃ ከላይ ስታሸት ደኅና ነው አለች። ከሥሩ ስታሸት ፊቷን አዞረች።

"ይኮመጥጣል፣ እትዬ። ትንሽ ነው፤ ግን ይኮመጥጣል።"

ነገሩ ተቆረጠ። ቀድሪያ ግን ድስቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። ለአራቱ ዶሮ ወይም ለድካሟ ብቻ አልነበረም ያዘነችው። እህል መድፋት ከልጅነቷ የተነገራት ነውር ነው። አላህ የሚጠይቀኝ አይመስልሽም ወይ ብላ እህቷን እንደምትጠይቅ ሁሉ፣ ደብሪቱን በዓይኗ ጠየቀቻት።

"እህሉን ያበላሸው በረዶው ነው" አለች ደብሪቱ። "አንቺ የምትጠየቂው እያወቅሽ ሰው ብታበዪ ነው።"

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ሱሩር ጓሮ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ወጡ፣ ሩዙ፣ ምስሩና የቀለጠው ሥጋ እዚያ ገባ። ሩዙን ሳሊሃ አሽታ ምንም አይልም አለች፤ ደብሪቱ ግን ሙቀት ላይ ያደረ ሩዝ ሽታውን እንደሚደብቅ ታውቃለችና አላመነችውም። ንጥር ቅቤው ደኅና ነው፤ አስቀመጠችው። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ከተተቻቸው። አንዱ ተንሳፈፈ፤ ጣለችው። ሌሎቹ ተኝተው ቀሩ። ቲማቲሙ ለስልሷል። ሦስቱ ነጭ ሻጋታ ይዘዋል፤ ከእነሱ ጋር ተጣብቆ የነበረውም አብሮ ወጣ፤ የቀረው ለድልህ ይሆናል አለች። የጥቅል ጎመኑ የላይ ቅጠል ጠውልጎ ጠቁሯል፤ አራት ቅጠል ስትልጠው ውስጡ ነጭና ጠጣር ሆኖ ተገኘ። ካሮቱ ተልፈስፍሷል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀጥ አለ። ቀይ ሥሩ ቆዳው ቢጨማደድም ሲቆረጥ ደም ይመስላል። ቢጫ የሆነው ሐበሻ ጎመን ለሱሩር በግ ሄደ። ማንጎዎቹ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበረባቸው፤ ነጥቡን ቆርጣ ስታወጣው የቀረው ማር ነው።

ቀድሪያ ቆማ ስታያት ቅሬታዋ ከፊቷ እየለቀቀ ሄደ። ሴትዮዋ አንድም ጊዜ አላሸተተችም፤ ግን አንድም ነገር አላለፋትም።

ሱሩር ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት ሄዶ የዕለቱን ሥጋ አመጣ። ሥጋውን ቀድሪያ ያዘች፤ አትክልቱንና እንቁላሉን ደብሪቱ። ሳሊሃ በሁለቱ መካከል ማንኪያ ይዛ ትመላለሳለች። ደብሪቱ ነጭ ሽንኩርቱ መቼ እንደበሰለ በዓይኗ ታያለች፣ ድስቱ የሚያሰማውን ድምፅ ትሰማለች፤ ለመጨረሻው ግን ልጅቱን ጠርታ ታስቀምሳለች። ጨው ጨምሪ ስትላት ትጨምራለች፣ በቃ ስትላት ታወርዳለች። በልጅ መታዘዝ ይከብደኛል ብላ የፈራችው ነገር ሥራው መካከል ተረሳ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጥብሱና ቅቅሉ፣ ጥቅል ጎመኑ ከድንችና ካሮቱ ጋር፣ እንቁላሉ በቲማቲም፣ ቀይ ሥሩና ማንጎው ሁሉ ተሰናድቶ ነበር። ደብሪቱ እጇን ታጥባ ቤቷ ልትሄድ ስትል ቀድሪያ እጇን ይዛ አስቀረቻት።

እንግዶቹ ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል ደረሱ። ቢልቂስ ረዥም፣ ረጋ ያለች፣ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞር ብላ ስታየው ሁሉን የምታስተውል ሴት ናት። ገበታው ሲቀርብ፣ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የሚጠበቀው ዶሮ እንደሌለ አላጣችውም። አልጠየቀችም፤ ቀድሪያ ግን ራሷ አነሣችው። አራት ዶሮ ሠርታ እንደነበር፣ በመብራቱ ምክንያት ስለተበላሸ ዛሬ ጠዋት ጉድጓድ ውስጥ እንደቀበረችው ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቢልቂስ ከጎመኑ አንድ ጊዜ ጎረሰች፤ ደግማ ጎረሰች።

"ዶሮውን ብታቀርቢልኝ ወጥሽን አመሰግን ነበር" አለች። "አሁን ግን የልጄን ቤት ማን እንደሚይዘው አወቅሁ።"

ቀኑ ለኅዳር ተቆረጠ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ደብሪቱ ብድግ ብላ የአፍንጫዋን ነገር ለሁሉም ተናገረች። አንዳንዱ አዘነላት፣ አንዳንዱ ከጥር ወዲህ በእሷ ቃል የበላውን ይቆጥር ጀመር። ከታችኛው መንገድ የምትመጣው ሥራነሽ ከልቧ ተቆጣች፤ ለልጆቿ ያበላችውን የሚያዝያ አይብ አንሥታ ወቀሰቻት። ደብሪቱ ተቀምጣ እስክትጨርስ ሰማቻት። ሁለት ሳምንት ያህል በሯን ያንኳኳ አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ከሁሉ ቀድማ የመጣችው ራሷ ሥራነሽ ናት። ድስት ይዛለች። ደብሪቱ ጎንበስ አላለችም። መቼ ተሠራ፣ መጨረሻ መቼ ሞቀ፣ ማን ከፈተው፣ ምን ተነከረበት ብላ ጠየቀች። ከዚያ በማንኪያ ከሥር ገለበጠችና የድስቱ ባለቤት ራሷ እንድታሸተው አደረገች። ሥራነሽ አሸተተች፤ "ይደፋ" አለች፤ ደብሪቱም ልክ ነሽ አለቻት።

ሽታዋ እስከ ዛሬ በደንብ አልተመለሰም። አልፎ አልፎ፣ ሎሚ ስትቆርጥ፣ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ሳሊሃ በኅዳር ተዳረችና ይጁቤ ገባች። በወሩ አካባቢ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ለደብሪቱ ስልክ ደወለች። የሦስት ቀን የክክ ወጥ አለ፤ ባሏ ይበላ ይላል፣ አማቷ ደግሞ ይጠራጠራሉ። ደብሪቱ ስንት ጊዜ እንዳሞቀችው ጠየቀቻት። በየቀኑ አንድ ጊዜ አሞቃዋለች። አረፋ አለው? የለውም። ከሥር ስታሸቺውስ? ክክ ክክ ይላል፣ ሌላ የለውም።

"እስኪንተከተክ አፍልተሽ ለምሳ ጨርሱት" አለች ደብሪቱ። "ለነገ ግን አታሳድሪው።"

ሳሊሃ አመሰገነች፤ ግን ስልኩን አልዘጋችም። ከጀርባዋ አንዲት ሴት ስትናገር ይሰማል። ቢልቂስ ከሰኔ ጀምሮ የተቀመጠ አንድ ገንቦ ቅቤ እንዳላት፣ ስለ እሱ ልትጠይቅ እንደምትፈልግ ሳሊሃ በዝግታ ተናገረች።

ደብሪቱ በርጩማዋን ወደ መስኮቱ ሳበች፣ ተመቻችታ ተቀመጠች።

"ስጫት እስቲ" አለች። "መቼ እንደተነጠረ ትንገረኝ።"